ማረሻ ቢቀር ምርት ይጨምራል? ክርክሩ ገለባውን ረስቶታል

እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያ ወራት ዛምቢያ፣ ማላዊና ዚምባብዌ በድርቁ ምክንያት ተራ በተራ የአደጋ ጊዜ አወጁ። ኤል ኒኞ ዝናቡን አቋርጦት በቆሎው ፍሬ ሳይዝ በቁሙ ደርቆ ነበር። እንዲህ ያለ ዓመት በመጣ ቁጥር «ዕቀባ እርሻ» በሚባለው፣ ሳያርሱ በመዝራት በሚታወቀው ዘዴ ላይ አንድ የቆየ ክርክር ብቅ ይላል። አንዱ ወገን «መሬቱን ማገላበጥ ብናቆም ኖሮ እርጥበቱ ባልጠፋ ነበር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሳይታረስ የሚበቅል ነገር አረም ብቻ ነው» ይላል። ምርት በእጥፍ አደገ የሚሉ ቪዲዮዎች ይዘዋወራሉ። ሞክረው የከሰሩ ሰዎች ወሬም እንዲሁ።

ግራ የሚያጋባው ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ የማያጡ መሆናቸው ነው። የጨመረለትም የቀነሰበትም ገበሬ በእርግጥ አለ። ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ክርክሩ ሁሉ ማረሻው ላይ ተተክሎ ቀርቷል። የምርቱን ዕጣ በብዛት የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከአጨዳ በኋላ ማሳው ላይ የሚቀረው ገለባና አገዳ።

ስሙ አንድ፣ ሥራው ሦስት

ዕቀባ እርሻ ሲባል ብዙ ሰው የሚገባው «አለማረስ» ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ግን ሦስት ነገሮችን ባንድነት ይጠይቃል። አፈሩ በተቻለ መጠን አይነካም፤ ለዘር የሚከፈተው ከማሳው ሩብ መብለጥ የለበትም። ከማሳው ቢያንስ 30 በመቶው በተረፈ ምርት ወይም በበቀለ ተክል ተሸፍኖ ይቆያል። ሦስተኛው ሰብል ማፈራረቅ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰብል በፈረቃ ወይም በስብጥር ይዘራል።

በተግባር ሦስቱንም የሚያሟላ ጥቂት ነው። ብዙው ማረሱን ይተዋል፣ ገለባውን ግን ይሰበስባል፣ በየዓመቱም ያንኑ ሰብል ይዘራል። ከዚያ ውጤቱ በ«ዕቀባ እርሻ» ስም ይመዘገባል። ንጽጽሩ የሚበላሸው ገና እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሜዳማ ግዛቶች ድርቅና ነፋስ ተባብረው የታረሰውን አፈር ወደ ሰማይ አነሱት፤ ቀኑ በአቧራ ጨለመ። በ1935 የአሜሪካ መንግሥት የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በ1972 ደግሞ በብራዚል ፓራና ግዛት ኸርበርት ባርትዝ የተባለ ገበሬ አፈሩን ጎርፍ እየወሰደ ሲያስቸግረው ሳያርስ መዝራት ጀመረ። ጎረቤቶቹ እንደ እብድ ቆጠሩት ይባላል። ዛሬ በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት በዚህ መንገድ ይለማል። አብዛኛው ያለው በአሜሪካ፣ በብራዚል፣ በአርጀንቲና፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ነው። ትልልቅ ማሽን፣ ፀረ አረም ኬሚካልና ማዳበሪያ በማይቸግርበት ቦታ ማለት ነው። ይህን ልብ ይሏል፤ አንድ ሄክታር ይዞ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ያለበት ሁኔታ ሌላ ነው።

ጠብታዋ መሬት ስትነካ

ከዓለም የእርሻ መሬት 80 በመቶ ያህሉ የሚለማው በዝናብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ?» ብቻ አይደለም። «ከዘነበው ስንቱ ሥር ጋ ደረሰ?» የሚለው ይበልጣል።

ተደጋግሞ ታርሶ የለሰለሰ፣ ምንም ያልለበሰ ማሳ እናስብ። ዝናቡ ሲጀምር እያንዳንዷ ጠብታ ጓሉን ትደበድበዋለች። ጓሉ ይፈርሳል። የፈረሰው ደቃቅ አፈር የማሳውን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ጥቂት ቆይቶ የማሳው ፊት እንደተለቀለቀ ወለል ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ መግቢያ ሲያጣ ቁልቁለቱን ይዞ ይነጉዳል። ባዶ እጁንም አይሄድም፤ ላይኛውን ለም አፈር ጠርጎ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ያ ልቅላቂ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል። ሊወጣ የሚታገለው ቡቃያ ከሥር ታፍኖ ይቀራል።

አሁን እዚያው ማሳ ላይ ገለባ እንጎዝጉዝበት። ጠብታዋ ገለባው ላይ ትሰበርና ቀስ ብላ ትንጠባጠባለች። ቀዳዳው አይደፈንም። አፈሩ ካልተገላበጠ ደግሞ የትል ቦይና የበሰበሰ ሥር የተወው መንገድ እንዳለ ይቆያል፤ ውሃው በዚያ ይሰርጋል። ዝናቡ ሲያባራም ገለባው ጥላ ይሆናል። ፀሐይና ነፋስ ከአፈሩ ላይ የሚያተኑት ውሃ ይቀንሳል።

ይህ ምን ያህል ያዋጣል? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ውሃ ነው። ከጎርፍና ከትነት 20 ሚሊ ሜትር ብናተርፍ 200,000 ሊትር አገኘን ማለት ነው። ፍሬንችና ሹልዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 በደቡብ አውስትራሊያ ባደረጉት ሥራ ስንዴ በጥሩ ሁኔታ ከእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውሃ እስከ 20 ኪሎ እህል በሄክታር ሊሰጥ እንደሚችል አስልተው ነበር። በዚያ ስሌት 20 ሚሊ ሜትር ማለት እስከ 4 ኩንታል ነው። ይህ ጣሪያው ነው፤ ተባይ፣ አረምና የማዳበሪያ እጥረት ባለበት ማሳ ላይ ከዚያ በታች ይወርዳል። ቢሆንም ዝናብ ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ በሚመለስበት ወቅት ይህች ትንሽ ቁጠባ በቆሎው አበባ ላይ እያለ እንዳይጠወልግ ልታደርገው ትችላለች።

ልብ ማለት የሚገባው ግን አብዛኛውን ሥራ የሠራው ገለባው መሆኑ ነው። ሳይታረስ፣ ሳይጎዘጎዝ የቀረ ማሳ በአንዳንድ አፈር ላይ ከታረሰው የባሰ ይጠጥራል፤ ውሃውም ጨርሶ ይሸሻል። ማረስ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት አፈሩን ከፈት ያደርገው ነበር። ማረሻውን ነጥቆ ገለባውንም መውሰድ ሁለቱንም ማጣት ነው።

ቁጥሮቹ

በዚህ ጉዳይ ላይ በየአገሩ ብዙ የማሳ ሙከራ ተደርጓል። አንዱን ብቻ መዝዞ የፈለጉትን ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ሜታ አናሊሲስ» የሚባለውን፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ የሚመዝን ጥናት መመልከት ይሻላል።

ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በኔቸር መጽሔት የወጣው ነው። ካሜሮን ፒተልኮውና ባልደረቦቻቸው ከ63 አገሮች የ610 ጥናቶችን ውጤት ሰብስበው 48 ሰብሎችን አነጻጸሩ። ሳይታረስ የተዘራው በአማካይ በ5.7 በመቶ ያነሰ ምርት ሰጥቷል። ገለባው ማሳው ላይ ሲተውና ሰብሉ ሲፈራረቅ ጉድለቱ ወደ 2.5 በመቶ ይወርዳል። ደረቅ የአየር ንብረት ባለበት፣ በዝናብ ብቻ በሚለማ መሬት ላይ ሦስቱም ሲሟሉ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ምርቱ በ7.3 በመቶ ይበልጣል።

ሁለተኛው ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ላይ ያተኮረ ነው። ማርክ ኮርቤልስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ነው። በስድስት ዋና ዋና ሰብሎች ላይ አማካይ ጭማሪው 3.7 በመቶ ብቻ ሆነ። ለበቆሎ 4 በመቶ። ሦስቱም መርሆዎች አብረው ሲተገበሩ የበቆሎው ጭማሪ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ይላል። የተሻለው ውጤት የተገኘው ዝናብ አነስተኛ በሆነበትና ፀረ አረም በተጠቀሙበት ቦታ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ማሳ እናውርዳቸው። በሄክታር 15 ኩንታል የሚያገኝ ገበሬ 8.4 በመቶ ቢጨመርለት የሚያገኘው አንድ ኩንታል ከሩብ ነው። አንድ ሸክም እህል ነው፤ አይናቅም። «እጥፍ» ግን አይደለም። እጥፍ የሚሉት ታሪኮች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከዕቀባው ጋር የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ አብሮ ሲገባ ነው። ያኔ የትኛው ምን ያህል እንደጨመረ አይለይም። እኔ እንደሚመስለኝ የዘዴውን ስም ከሚያጎድፉት አንዱ ይኸው የተጋነነ ተስፋ ነው። እጥፍ ብለህ ያስጀመርከው ገበሬ 8 በመቶ ሲያገኝ ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም።

ለምን አንዳንዴ ይቀንሳል?

የመጀመሪያው ምክንያት ናይትሮጅን ነው። ገለባ ለመበስበስ ጥቃቅን ተሕዋስያን ያስፈልጉታል። የስንዴ ገለባ ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ያህል ካርቦን አለ። ተሕዋስያኑ ይህን ሁሉ ካርቦን ለመፍጨት የሚያስፈልጋቸውን ናይትሮጅን ከገለባው ስለማያገኙ ከአፈሩ ይመጠምጣሉ። የሚሻሙት ከቡቃያው ጋር ነው። ቡቃያው ቢጫ ይሆናል። ናይትሮጅኑ አልጠፋም፤ ተሕዋስያኑ ሲሞቱ ይመለሳል፤ ግን ወራት ያልፋሉ። በቂ ማዳበሪያ ያለው ገበሬ ይህን ጊዜ ይሻገረዋል። የሌለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይቀጣል። በዚህ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በአፍሪካ ሁኔታ «ተገቢ የማዳበሪያ አጠቃቀም» አራተኛ መርህ ሆኖ ይጨመር ብሎ ነበር። ባቄላ፣ አተር፣ ጓያና የመሳሰሉትን ማፈራረቁም ለዚህ ይረዳል፤ የእነሱ ተረፈ ምርት ናይትሮጅን አለውና ቶሎ ይበሰብሳል።

ሁለተኛው ውሃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን የበዛው ውሃ። ዝናብ በሚበዛበትና ውሃ በሚያቁር ከባድ ሸክላ አፈር ላይ እርጥበት መቆጠብ ውለታ አይደለም። ሥሩ አየር ያጣል፤ ናይትሮጅኑም በጋዝ መልክ ይተናል። ቀዝቃዛ አካባቢ ደግሞ በገለባ የተሸፈነ አፈር ቶሎ አይሞቅም፤ ብቅለቱ ይዘገያል። ደረቁን አካባቢ የሚጠቅመው ነገር ራሱ እዚህ ይጎዳል።

በሽታም አለ። ስንዴን በስንዴ፣ በቆሎን በቆሎ ላይ ለሚዘራ ሰው ገለባው የሻጋታ በሽታዎች ማደሪያ ይሆንበታል። ማፈራረቁን ዘለው ሁለቱን ብቻ የያዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ነው።

አረሙ፣ ጉድጓዱና ጉልበቱ

ማረሻ አፈር ከማለስለስ በላይ አንድ ትልቅ ሥራ አለው፦ አረም ይገድላል። እሱ ሲቀር ሥራው ወይ ወደ ኬሚካል ወይ ወደ እጅ ይዛወራል።

የመጀመሪያው መንገድ ግላይፎሴት የተባለው ፀረ አረም ኬሚካል ነው። በትልልቆቹ እርሻዎች ሳይታረስ መዝራትን ያስቻለው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን አውስትራሊያ ውስጥ መድኃኒቱን የለመደ አረም ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተከታትሏል። በጤና በኩልም ክርክሩ አልበረደም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 «ካንሰር የማምጣት ዕድል ያለው» ብሎ መደበው፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2023 ለተጨማሪ አሥር ዓመት ፈቀደው። የአውስትራሊያ ገበሬዎች አንዳንዶቹ አሁን በየጥቂት ዓመቱ አንዴ አርሰው አረሙን ይቀብሩታል። «ፈጽሞ አይነካም» ያለውን መርህ ማጠፍ ቢመስልም ስሌቱ ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ የእጅ ነው። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2020 ፕፉምቩድዛ የተባለውን ዘዴ አገር አቀፍ ፕሮግራም አደረገችው። ገበሬው 39 ሜትር በ16 ሜትር በሆነች ቁራሽ መሬት ላይ 52 መስመር ያወጣል። በእያንዳንዱ መስመር 28 ጉድጓድ ይቆፍራል። ጠቅላላው 1,456 ጉድጓድ ነው። ሐሳቡ እያንዳንዱ መስመር ቤተሰቡን አንድ ሳምንት እንዲቀልብ ነው፤ 52 መስመር ለ52 ሳምንት። ቁፋሮው የሚከናወነው በደረቁ ወቅት፣ አፈሩ እንደ ድንጋይ በጠጠረበት ጊዜ ነው። ደጋፊዎቹ በሾና ቋንቋ «ቆፍረህ ብላ» ሲሉት፣ ወገባቸው የተቆረጠባቸው ደግሞ ቃሉን አጣመው «ቆፍረህ ሙት» አሉት።

ቀልዱ መራራ ቢሆንም ዘዴው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በሬ የሌለው ቤተሰብ በሬ እስኪዋስ ድረስ የመጀመሪያው ዝናብ ያልፈዋል፤ ዘግይቶ የዘራ ደግሞ ዝናቡ ሲያቋርጥ ይጋለጣል። ጉድጓዱ ቀድሞ ከተዘጋጀ ዝናቡ በጣለ ማግስት ይዘራል። ለብዙ ደሃ አርሶ አደር ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ይኸው በጊዜ መዝራቱ ሊሆን ይችላል። ፀረ አረም በሌለበት ግን አረሙ ያይላል፤ ኩትኳቶው የሴቶችና የልጆች ሥራ በሆነበት አካባቢ ደግሞ ሸክሙ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ይህ በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ አይታይም።

2024 እንዳሳየውም ዝናቡ ጨርሶ ከቀረ ጉድጓድም ገለባም የሚይዘው ነገር የለም። ዕቀባ እርሻ የመጣውን ውሃ ያቆያል። ያልመጣውን አያመጣም።

ምርት ብቻ ነው ወይ መለኪያው?

እዚህ ላይ ደጋፊዎቹ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። የትልልቅ እርሻ ባለቤቶች ወደዚህ የገቡት ምርት ስለጨመረ ብቻ አይደለም። ነዳጅ፣ ጊዜና የትራክተር ምልልስ ስለቀነሰላቸው ነው። ምርቱ እኩል ቢሆን እንኳ ወጪው ዝቅ ይላል። የአፈር መሸርሸሩም በብዙ ይቀንሳል፤ ይህ ደግሞ የዛሬ ሳይሆን የሃያና የሠላሳ ዓመት ሒሳብ ነው። የአፈሩ ጥቅም ቀስ እያለ ስለሚመጣ የሁለት ዓመት ሙከራ አይቶ መፍረድ ትክክል አይደለም ይላሉ። በብዙ ሰብሎች ላይ የመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ምርት ወርዶ በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ መሄዱ በጥናቶቹም ታይቷል።

ተቃዋሚዎቹ ሐሳቡን አይክዱትም። «የማን ጊዜ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። የአፈር ተመራማሪው ኬን ጊለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ጥያቄ በግልጽ አንስተው ብዙ አቧራ አስነስተዋል። ጎተራው ባዶ የሆነ ቤተሰብ በአምስተኛው ዓመት ለሚመጣ ጥቅም የዘንድሮውን ሊቀንስ አይችልም። እኔ በዚህ ነጥብ ወደ እነሱ አዘነብላለሁ። የሽግግሩን ዓመታት ጉድለት የሚሸፍን ነገር፣ ማዳበሪያም ይሁን ብድር፣ አብሮ ካልመጣ ምክሩ ባለ አቅሙን ብቻ ይጠቅማል።

ስለ ካርቦንም ብዙ ይወራል። ያልታረሰ አፈር ላይኛው ክፍሉ ላይ ካርቦን ያከማቻል፤ ይህ እውነት ነው። ጠለቅ ተብሎ ሲለካ ግን ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ይጠብባል፤ የታረሰው ካርቦኑን ወደ ታች ቀብሮት ስለሚገኝ ነው። በካርቦን ሽያጭ ስም፣ ማለትም አፈር ውስጥ ለሚከማች ካርቦን ገንዘብ ይከፈላል ተብሎ ለገበሬ የሚገባውን ቃል በጥርጣሬ መስማት ይሻላል።

ገለባው የማን ነው?

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አፈሩን በወጉ ለመሸፈን በሄክታር ከ2 እስከ 3 ቶን ደረቅ ገለባ ወይም አገዳ ያስፈልጋል። በሄክታር 10 ኩንታል በቆሎ የሚያገኝ ገበሬ የሚቀረው አገዳ ከአንድ ቶን ተኩል ብዙም አይበልጥም። ሁሉንም ቢተወው እንኳ አይበቃውም። ከዚያ ላይ ምስጥ ድርሻዋን ትወስዳለች።

ያም አንድ ቶን ተኩል ባለቤት አለው። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች። በዚህ ሒሳብ የአንድ ሄክታሩ አገዳ የአንዲት ላም ከስምንት ወር በላይ ቀለብ ነው። ላሟ ወተት ናት፤ በሬው ጉልበት ነው፤ ፍጉ ማዳበሪያና ማገዶ ነው፤ በክፉ ቀን ደግሞ ተሸጦ እህል ይሆናል። ገበሬው ይህን ሁሉ ትቶ «አገዳውን ለአፈሩ ስጥ» ሲባል ቢያመነታ አላወቀም ማለት አይደለም። ከማንም በላይ አስልቶታል።

ፈቅዶ ቢተወውም ነገሩ አያልቅም። በብዙ አገር ማሳ ከታጨደ በኋላ ግጦሹ የጋራ ነው። አንዱ ገለባዬን ልተው ቢል የጎረቤት ከብት ገብቶ ይበላለታል። ማጠር ያስወጣል፤ መከልከል ያጣላል። ስለዚህ ውሳኔው የአንድ ገበሬ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ይሆናል፤ ማሽንና ዘር የሚያድሉ ፕሮጀክቶች ደግሞ ከግለሰቡ ጋር እንጂ ከመንደሩ ጋር ሲዋዋሉ እምብዛም አይታይም።

መውጫ የሚሆኑ ሙከራዎች አሉ። በማዳበሪያ ምርቱን ከፍ ማድረግ ገለባውንም ስለሚያበዛ ለላሟም ለአፈሩም ሊዳረስ ይችላል። በማሳው ዳርና በእርከኑ ላይ የመኖ ሣርና ቁጥቋጦ መትከል ከገለባው ላይ ጫናውን ያነሳል። በበቆሎው መካከል እንደ እርግብ አተር ያለ ሰብል ማስገባትም እንዲሁ፤ ፍሬው ይበላል፣ ቅጠሉ መሬቱን ያለብሳል፣ ግንዱ ይነድዳል። ግማሹን አገዳ ብቻ መተውም አንድ መንገድ ነው፤ ሙሉ ጥቅሙ ባይገኝም ጠብታዋ ራቁት አፈር ላይ ከምታርፍ ይሻላል።